ቆጣሪ

በሩን ገና ሳልነካው በመስኮት አይተውኝ፣
«ቆጣሪ ነሽ?» ብለው እማማ ጠየቁኝ።
«ነኝ።» «የውሃ?» «አይደለም።» «እንግዲያስ የመብራት?»
«የሰው ነኝ፣ እማማ።» ዝም አሉ ለጥቂት።
«ለሰውም ቆጣሪ አስገቡለት እንዴ?
ይሄም ሊከፈል ነው?» አሉና ሳቁ አንዴ።
ሁለተኛው ሳቅ ግን ከመንገድ ላይ ቀረ፤
ከጓዳ የልጅ ልጃቸው ሊያስመልስ ጀመረ።

ሐምሌ ነው፣ እሪ በከንቱ።
በቅጼ ላይ የበሽታው ስም ሦስት ፊደል ነው፦ አተት።
ሌላ ስም አለው፤ አቶ ልሳነወርቅ ግን
«በስልክ እንዳትጠሩት» ብለዋል።
አንጠራውም። ሳይጠራ ይመጣል።

መስፈርቱን እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤዋለሁ፦
በአንድ ቀን ሦስቴ፣ ከሦስትም የበዛ፣ ውሃ የመሰለ።
ሁለቴ የሄደ ለኛ ጤነኛ ነው፤
ሦስተኛዋን ሲመለስ ነው ቁጥር የሚሆነው።

ካርታዬ አሮጌ ነው፤ ካርታዬ ላይ ዛሬም
ዶሮ ማነቂያ አለ፣ መሬት ላይ ግን የለም።
በር የሌለው ቁጥር፣ ቁጥር የሌለው በር፤
ተነሺው ተነሥቶ፣ ቀሪው እንደነበር።

ሰኞ ሦስት ነበሩ፤ ረቡዕ ሰባት፤ ዓርብ አሥራ አራት።
«አንዱ ለስንት አደረሰ?» ይሉኛል በየማታው።
ማን ለማን እንዳደረሰ ሰፈሩ ቀድሞኝ ያውቃል፤
ሰፈር ማስረጃ አይጠብቅም፣ ስም ይበቃዋል።

«ሽኩር ነው» አሉኝ። ሽኩር፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ
በጋሪ ውሃ የሚገፋው።
ሰባቱን ቢጫ ጀሪካን በቢላ ወግተውበታል፤
አንዱ እስካሁን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ
አፉን ከፍቶ ዝናብ ይጠጣል።
እኔም ነጥብ ከነጥብ ሳገናኝ፣ እውነት ነው፣
ጋሪው በቆመበት ሁሉ አንድ ሰው ተኝቷል።
ስሙን ልጽፈው ነበር። እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ነክቷል።

ግን እማማ ብርቅነሽ ከሽኩር አይገዙም።
የጊቢያቸውን ቧንቧ፣ ፈረቃው ሲደርስ፣ ሌሊት ተነሥተው ይቀዳሉ።
«ያንቺ ቢጤ እዚያ አለ» አሉኝ በአገጫቸው፣
ወደ ግንቡ ሥር፣ መስተዋቱ ወደ ደበዘዘው።

ቧንቧው ደርቆ ሳለ፣ ጠብታ ሳይወርደው፣
ቆጣሪው ይዞራል፣ አየር እየነዳው።
ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ቱቦው ይተነፍሳል፤
ውሃ ሲመጣ ይሰጣል፣ ውሃ ሲሄድ ይስባል።
ከፍሳሹ ቦይ ሥር፣ በስንጥቁ በኩል፣
ሌሊት የሳበውን ጠዋት ያካፍላል።
የሽኩርም መቅጃ ከዚሁ ቱቦ ነው፣ ሃምሳ እርምጃ ቁልቁል።

እሱን ድልድዩ ጥግ አገኘሁት፣ ጋሪው ላይ ተጋድሞ፣
ከንፈሩ የደረቀ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ የገባ።
«ስንቴ?» አልኩት።
አምስት ጣት አሳየኝ። ቆይቶ ደግሞ አምስት።
«የቤት ቁጥር?»
«ቤቴ ይኼ ነው፤ ቁጥሩ ጎማው ላይ አለ» አለኝ፣
ለመሳቅም ሞከረ።
አምቡላንሱ እስኪመጣ ጨውና ስኳሩን በጥብጬ
በማንኪያ በማንኪያ።
በፈላ ውሃ ነው። ሁለቴ ጠየቀኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። «ቁጥሩን።»
ከመስመሩ በላይ አሥራ ዘጠኝ፣ ሽኩር መጨረሻው፤
ከመስመሩ በታች ስድስት መቶ አሥራ አንድ፣
ከወረዳው መዝገብ የተቀዳ፣ ሽኩር የሌለበት።
መታመሙን ቆጠርነው፤ መኖሩን ማንም አልቆጠረ።
ዘጠኝ ዓመት ውሃ ሲያጠጣን ነበረ።

በእርሳስ፣ ቀስ ብዬ፣ ከመስመሩ በታች አንድ ጨመርኩ።
ሦስት ነጥብ አንድ አንድ የነበረው ከመቶ
ሦስት ነጥብ አንድ ዜሮ ሆነ።

«ቀነሰ?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ድምፃቸው ፈክቶ።
«አዎ» አልኳቸው፤ «አንድ ሰው ተገኝቶ።»